አልሞን ስትሮውጀርና ያለ ኦፕሬተር የሚሠራው ማዞሪያ

በስልክ ሙያ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ስም የመሣሪያው መጠሪያ ሆኖ የቀረላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ አሜሪካዊው አልሞን ብራውን ስትሮውጀር ነው። በስሙ የሚጠራው ማዞሪያ ከመቶ ዓመት በላይ በልዩ ልዩ አገሮች ሲያገለግል ኖሯል። ሰውየው ግን በኤሌክትሪክ ሙያ ያልሠለጠነ፣ ኑሮውን ቀብር በማስፈጸም ሥራ ይመራ የነበረ ነጋዴ ነበር። ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአንዲት አጭር ወሬ ያልቃል፤ ይኸውም አንድ የተናደደ ነጋዴ የስልክ ኦፕሬተሮችን የሚተካ መሣሪያ ፈጠረ የሚለው ነው። ወሬው ሐሰት ነው ለማለት ባይቻልም ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ስትሮውጀር ከማዞሪያው ላይ ያነሣት ኦፕሬተር ምን ያህል ሥራ ትሠራ እንደነበር በትክክል የታወቀው እርሷ ከተነሣች በኋላ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት መሐንዲሶችም ረጅም ዘመን የፈጀባቸው ያንን ሥራ አንድ በአንድ ወደ መሣሪያው መመለስ ነበር።

ስትሮውጀር የተወለደው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1839 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ አጠገብ በምትገኘው በፔንፊልድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። አያቱ በአካባቢው ቀድመው ከሰፈሩት ሰዎች አንዱና የወፍጮ ባለቤት ነበር። በቤተሰቡ ዘንድ እንደሚነገረው እናቱ ለልጆቿ ሥራ ስታዝ፣ ወንድማማቾቹ ሥራውን ከመሥራት ይልቅ የሚሠራላቸውን መሣሪያ ለማበጀት ይጣጣሩ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በኒውዮርክ 8ኛ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ዘምቶ እስከ ሌተናንትነት ማዕርግ ደረሰ። በመምህርነትም ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ወደ ምዕራብ እየገፋ ሄዶ በካንሳስ ግዛት በቶፒካ፣ ቀጥሎም በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ የቀብር አስፈጻሚነት ንግድ ያዘ።

ቀብር በአመዛኙ የእድር ጉዳይ በሆነበት አገር ይህ ሙያ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ግን ሬሳ መገነዝ፣ ሣጥን ማቅረብ፣ ሠረገላ ማከራየትና ሥርዓቱን ማስተናበር ነጋዴዎች የሚወዳደሩበት ሥራ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ብዙ ነጋዴ አያማርጥም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል። ስለዚህ ስልክ ወደ ከተማዎቹ ሲገባ ለቀብር አስፈጻሚ ትልቅ ነገር ሆነ። የሚተረከውም እንዲህ ነው፤ የስትሮውጀር ገበያ እየቀነሰ ሄደ፤ ምክንያቱን ሲመረምርም በስልክ ማዞሪያው የምትሠራው ሴት የተፎካካሪው ዘመድ መሆኗንና ወደ እርሱ የሚመጡትን ጥሪዎች ወደዚያኛው እንደምትመራቸው ደረሰበት። ሴቲቱ አንዳንዱ ሚስቱ ናት ይላል፤ ሌላው ልጁ ወይም የአጎቱ ልጅ ያደርጋታል። ነገሩ የተፈጸመው በቶፒካ ነው የሚሉ አሉ፤ በካንሳስ ሲቲ ነው የሚሉም አሉ። በሌላ አተራረክ ደግሞ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የመሥመር ብልሽት ነበር። ተራኪዎቹ የማይለያዩበት ነገር ቢኖር ሰውየው በኦፕሬተሮቹ ላይ እምነት ማጣቱ ነው።

የዚያን ዘመን ማዞሪያ አሠራር ለተመለከተ ጥርጣሬው መሠረት የሌለው አይመስልም። ደንበኛው የስልኩን እጀታ ሲያዞር በማዞሪያው ሰሌዳ ላይ የእርሱን ቁጥር የያዘች ትንሽ ክዳን ትወድቃለች። ኦፕሬተሯ ይህን አይታ በገመዱ ጫፍ ያለውን መሰኪያ በደንበኛው ቀዳዳ ትሰካለች፤ ማንን እንደሚፈልግ ትጠይቃለች፤ የተፈለገው መሥመር መያዝ አለመያዙን ትፈትሻለች፤ ነፃ ከሆነ ትደውላለች፤ ንግግሩ ማለቁን ተከታትላም ገመዱን ትነቅላለች። ይህ ዋናው ተግባሯ ነው። በትንሽ ከተማ ግን ከዚህም በላይ ነበረች። ደንበኞች በቁጥር ሳይሆን በስም ይጠሩ ስለነበር የሁሉንም ስም ታውቃለች። ሐኪሙ ከቤቱ ወጥቶ በሽተኛ ሊያይ የት እንደሄደ ታውቃለች፤ ጥሪውንም ወደዚያው ታዞርለታለች። እሳት ሲነሣ የሚያጠፉትን ሰዎች ትጠራለች። ሰዓት ለጠየቃት ሰዓት ትነግራለች። አንድ ሐዘንተኛ ስም ሳይለይ ቀብር አስፈጻሚ እንድታገናኘው ሲለምናትም የሚመርጠው እርሱ ሳይሆን እርሷ ናት። ደንበኛው በዚህች ሴት ዕውቀት ይረዳል፤ በዚሁ ዕውቀት ምክንያትም በእጇ ላይ ይወድቃል። ሐኪሙን ለበሽተኛው ያገኘችው ዕውቀት ቀብር አስፈጻሚውን ገበያ ሊያሳጣውም ይችል ነበር።

ስትሮውጀር አገናኙ ሰው መሆኑ መቅረት አለበት ብሎ ቆረጠ። ለዚህ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ኮኖሊ የሚባሉ ወንድማማቾችና ቶማስ ማክታይ በ1879 ያለ ኦፕሬተር ለሚሠራ ማዞሪያ የፓተንት መብት አግኝተው ነበር፤ ዳሩ ግን መሣሪያቸው ለአገልግሎት አልበቃም። የስትሮውጀር የመጀመሪያ ሞዴል የሸሚዝ ኮሌታ ከሚቀመጥበት ክብ ሣጥንና በላዩ በረድፍ ከተሰኩ ስፒሎች የተሠራ እንደነበር ይተረካል። ሐሳቡ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። በሲሊንደር ውስጠኛ ገጽ ላይ የደንበኞች መሥመሮች መነካኪያዎች በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ። በመካከሉ ያለ ዘንግ በኤሌክትሮማግኔት እየተጎተተ ደረጃ በደረጃ ይንቀሳቀሳል፤ አንደኛው እንቅስቃሴ ረድፉን ይለያል፣ ሁለተኛው ማለትም መሽከርከሩ ከረድፉ ውስጥ የተፈለገውን መነካኪያ ያገኛል። በዘንጉ ላይ ያለው ክንድ በዚያ ሲያርፍ ሁለቱ መሥመሮች ይገናኛሉ። የፓተንት ማመልከቻውን ማርች 12 ቀን 1889 አቀረበ፤ መብቱም በቁጥር 447,918 ማርች 10 ቀን 1891 ተሰጠው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር።

ሐሳቡን ወደ ሥራ ለማዋል ገንዘብና ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። የወንድሙ ልጅ ዋልተር ስትሮውጀር፣ የንግድ ሰው የነበረው ጆሴፍ ሃሪስና ሞዝስ ማየር ከእርሱ ጋር ሆነው በ1891 በቺካጎ ኩባንያ አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን 1892 በኢንዲያና ግዛት በላ ፖርት ከተማ የመጀመሪያው ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ አውቶማቲክ ማዞሪያ ተከፈተ። ሲከፈት የነበሩት ደንበኞች 75 ያህል ሲሆኑ ማዞሪያው እስከ 99 ሊይዝ ይችል ነበር። የላ ፖርት መመረጥም የአጋጣሚ አልነበረም። በከተማዋ ቀድሞ ይሠራ የነበረው የስልክ ድርጅት ከቤል ኩባንያ ጋር በነበረው የፓተንት ክርክር ተረትቶ በመዘጋቱ ነዋሪዎቹ ያለ ስልክ ቀርተው ነበር። ስልክ ለሌለው ከተማ አዲስ ነገር መሞከር አይከብድም።

ኩባንያው ባወጣቸው ማስታወቂያዎች ስልኩ ሴት ኦፕሬተር የማያስፈልገው፣ የማያስቆጣ፣ የማይበላሽና የማያስጠብቅ መሆኑን ይናገር ነበር። ደንበኛው ያገኘው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ቁጥሩን የሚያስተላልፈው በስልኩ ላይ ያሉትን ቁልፎች እየቆጠረ በመጫን ነው። 57 ቁጥርን የፈለገ ሰው የአሥር ቤቱን ቁልፍ 5 ጊዜ፣ የአንድ ቤቱን ቁልፍ 7 ጊዜ መጫን አለበት። አንድ ጊዜ ከሳተ የማያውቀው ሰው ቤት ይደወላል። ንግግሩ ሲያልቅም ዘንጉን ወደ ቦታው የሚመልሰው ራሱ ደንበኛው ነው፤ ከረሳ መሥመሩ እንደተያዘ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ቤት ወደ ማዞሪያው በርካታ ሽቦዎች መዘርጋት ነበረባቸው፤ ባትሪውም በየደንበኛው ቤት ይቀመጥ ነበር። በሌላ አነጋገር ኦፕሬተሯ ከተነሣች በኋላ ሥራዋ አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ደንበኛው እጅ ተላለፈ፣ ከፊሉ ደግሞ ሠሪ አጣ። የስትሮውጀር መሣሪያ በትክክል የሚያውቀው አንድ ተግባር ብቻ ነበር፤ እርሱም መሥመር ማግኘት ነው።

የቀረውን የሞሉት ሌሎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙም አይነሣም። አሌክሳንደር ኪዝ በ1892 ወደ ኩባንያው ገባ። በካንሳስ ግዛት ከምትገኘው ከሊንድስቦርግ የመጡት የስዊድን ተወላጆች ልጆች ጆንና ቻርልስ ኤሪክሰን ከጓደኛቸው ከፍራንክ ሉንድኲስት ጋር በራሳቸው ተመሳሳይ መሣሪያ ሲሞክሩ ቆይተው ከቺካጎው ኩባንያ ጋር ተዋሐዱ። ኪዝና ሁለቱ ኤሪክሰኖች በ1896 በጣት የሚዞረውን ክብ ሰሌዳ አወጡ፤ በዚያው ዓመት በሚልዋኪ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ላይ ዋለ። ሰሌዳው ወደ ቦታው ሲመለስ ኤሌክትሪኩን በቁጥሩ ልክ ያቋርጣል፤ የመቁጠሩ ኃላፊነት ከሰው ወደ መሣሪያው ተመለሰ ማለት ነው። በአማርኛ ስልክ መደወልን ቁጥር ማዞር ማለት የተለመደው ከዚህ ሰሌዳ የተነሣ ነው።

ከዚህ የከበደው ችግር የብዛት ነበር። እያንዳንዱ ደንበኛ ሌላውን ሁሉ በአንድ ማዞሪያ ያግኝ ከተባለ ለ100 ደንበኞች እያንዳንዳቸው 100 መነካኪያ ያሏቸው 100 ማዞሪያዎች ማለትም 10,000 መነካኪያዎች ይፈለጋሉ። ደንበኞቹ 1,000 ሲሆኑ ግን መነካኪያዎቹ 1,000,000 ይሆናሉ። ይህን መንገድ የሚከተል ከተማ ሲያድግ ይከስራል። መፍትሔው ጥሪውን በደረጃ መምራት ሆነ። ደንበኛው የመጀመሪያውን ቁጥር ሲያዞር የመጀመሪያው መራጭ ክንድ በቁጥሩ ልክ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደንበኛው ሁለተኛውን ቁጥር ለማዞር ጣቱን እስኪያነሣ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ክንዱ ማንም ሳያዘው በዚያ ደረጃ ላይ እየተሽከረከረ ነፃ መሥመር ይፈልጋል፤ ካገኘም ጥሪውን ለሚቀጥለው መራጭ ያስረክባል። የተፈለገው መሥመር መያዙን የሚለየው ለዚሁ ተብሎ በተጨመረ ሌላ ሽቦ ነው፤ ክንዱ በዚያ ሽቦ ላይ የመያዝ ምልክት ካገኘ ጥሪውን አያገናኝም፤ በኋላም ለደዋዩ የመያዝ ድምፅ እንዲሰማው ተደረገ። ኦፕሬተሯ የመሰኪያዋን ጫፍ በቀዳዳው ላይ ነካ አድርጋ በጆሮዋ ታደርገው የነበረው ፍተሻ ነው፤ ከእጅ ወደ ሽቦ ተዛወረ።

ስትሮውጀር በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የነበረው ድርሻ እየቀነሰ ሄደ። ጤናው ተጓድሎ ነበር። በ1896 የፓተንት መብቶቹን በ1,800 ዶላር፣ በ1898 ደግሞ በኩባንያው ውስጥ የነበረውን ድርሻ በ10,000 ዶላር ሸጠ። ከዚያም ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ በሴንት ፒተርስበርግ ቦታና ቤት ገዝቶ ተቀመጠ። በዚያው ሜይ 26 ቀን 1902 በ63 ዓመቱ አረፈ። በመቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ ለዘማቾች የሚቆመው ዓይነት ሲሆን ማዕርጉን፣ ስሙንና የዘመተበትን ፈረሰኛ ጦር ብቻ ይናገራል። መብቶቹ በ1916 ወደ ቤል ኩባንያ የተላለፉት በ2,500,000 ዶላር ነው። ይህን ልዩነት እያነሡ ሰውየው ተበደለ የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ1916 የተሸጠው ነገር በ1896 ከተሸጠው ጋር አንድ አልነበረም፤ በመካከሉ የሃያ ዓመት የሌሎች ሰዎች ድካም ተጨምሮበታል። ፍትሕ ጎደለ ከተባለ ይልቅ የሚያስቆጨው የኪዝና የኤሪክሰኖች ስም በመሣሪያው ላይ አለመታወሱ ነው።

ከሞቱ በኋላ መሣሪያው ባሕር ተሻገረ። በ1908 በጀርመን በሂልደስሃይም፣ በ1912 በእንግሊዝ በኤፕሰም ተተከለ። ለብዙ ዓመታት ሲያመነታ የኖረው ቤል ኩባንያም በ1919 በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ይህንኑ ሥርዓት ተከለ። የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤት በ1922 የስትሮውጀርን ሥርዓት ለአገሩ መደበኛ አድርጎ መረጠ፤ እዚያም ነው መሣሪያው ልዩ ልዩ ተግባሮችን እየጨመረ ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል በሰፊው የታየው።

ከቀላሉ ለመጀመር ያህል፣ አንድ መሥሪያ ቤት 5 መሥመሮች ቢኖሩት ደንበኛ አምስቱን ቁጥሮች እየለዋወጠ መሞከር የለበትም። ስለዚህ የመጨረሻው መራጭ የመጀመሪያው መሥመር ተይዞ ሲያገኘው በመቆም ፈንታ አንድ አንድ እየተራመደ ነፃውን እንዲፈልግ ተደረገ። ለንደንን በመሰለ ትልቅ ከተማ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በስትሮውጀር አሠራር ደንበኛው የሚያዞረው እያንዳንዱ ቁጥር ወዲያው አንድ ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ የስልክ ቁጥሩና ጥሪው የሚሄድበት መንገድ አንድ ናቸው። መንገዱ ሲለወጥ ቁጥሩም ሊለወጥ ነው። በ1927 በለንደን በሆልቦርን ሥራ የጀመረው ዳይሬክተር የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ይህን ማሠሪያ ፈታው፤ የተዞሩትን ቁጥሮች ተቀብሎ ይይዛል፣ ወደ ሌላ የመንገድ ቁጥር ይተረጉማል፣ ከዚያም ራሱ ለመራጮቹ ይልካል። ማስታወስና መተርጐም የኦፕሬተሯ ዋና ችሎታዎች እንደነበሩ ልብ ይሏል። በጁላይ 1936 ደግሞ ሰዓት የሚናገረው አገልግሎት በብሪታንያ ተጀመረ፤ ቀድሞ በ1933 በፓሪስ ተሞክሮ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የአደጋ ጊዜ ጥሪ ነው። በኖቬምበር 1935 በለንደን በዊምፖል መንገድ አንድ የሐኪም ቤት ተቃጥሎ 5 ሴቶች ሞቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ለመጥራት ስልክ ያነሣ ጎረቤት እንደማንኛውም ደዋይ የኦፕሬተር ተራ እንዲጠብቅ ሆነ። ቅሬታው በጋዜጣ ወጥቶ ጉዳዩ በኮሚቴ ታየ፤ ጁን 30 ቀን 1937ም 999 በለንደን ሥራ ጀመረ። በዚህ ቁጥር የሚመጣ ጥሪ በማዞሪያው ቤት ቀይ መብራት ያበራል፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅም ያሰማል፤ ኦፕሬተሯም ከሌላው ሁሉ አስቀድማ ታነሣዋለች። የቁጥሩ አመራረጥም ከመሣሪያው ጠባይ የመነጨ ነው። 111 ቢሆን ነፋስ ያነካካቸው ሽቦዎች ብቻ የሐሰት ጥሪ ሊያስነሡ ይችላሉ፤ አንድ ቁጥር ማለት አንድ ጊዜ መቋረጥ ነውና። 0 ደግሞ ቀድሞ ለተራው ኦፕሬተር ተሰጥቷል። 9 ግን በክቡ ሰሌዳ ላይ ከ0 ጎን በመሆኑ በጭስና በጨለማ በዳሰሳ ይገኛል፤ የሕዝብ ስልኮችም 0ን ያለ ሳንቲም ያሳልፉ ስለነበር ለ9 ማስተካከል ቀላል ሆነ። እንግዲህ ስትሮውጀር ሊያስቀራት የፈለጋት ኦፕሬተር በመጨረሻ በራሱ መሣሪያ ላይ ተመርጣ ተመለሰች፤ የሚጮኸውን ሰው ሰምታ እሳት ነው ወይስ ሌባ ብላ የሚለይ ክንድ አልተገኘምና።

ይህ አሠራር ወሰን ነበረው። በስትሮውጀር ማዞሪያ አንድ ተግባር መጨመር ማለት ሪሌይ መጨመር፣ ሽቦ መበየድ፣ የመደርደሪያ ቦታ መፈለግ ማለት ነው፤ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የተለየ ነገር ማድረግማ የማይታሰብ ያህል ውድ ነበር። በ1965 በኒው ጀርሲ ግዛት በሳካሳና የተከፈተው የቤል ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ ተግባሮቹን ከሽቦ ወደተከማቸ ፕሮግራም አዛወረ። በእርሱም ረጅም ቁጥርን በአጭር መደወል፣ ሦስት ሰው በአንድ መሥመር ማነጋገርና ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር ማስተላለፍ የፕሮግራም ጉዳይ ሆኑ። ሐኪሙ ወደ በሽተኛ ቤት ሲሄድ ስልኩ እንዲከተለው ማድረግ በአውቶማቲክ ማዞሪያ የተቻለው ከላ ፖርት 73 ዓመታት በኋላ ነው።

የስትሮውጀር መራጮች ግን በዚያን ጊዜም ገና አላረፉም ነበር። በብሪታንያ የረጅም ርቀት ጥሪን ያለ ኦፕሬተር ማድረግ በ1958 በብሪስቶል ሲጀመር መሠረቱ እነርሱ ነበሩ። ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያዎች ከተስፋፉ በኋላም በትንንሽ መንደሮች እየተንኳኩ ቆዩ። በአገሪቱ የመጨረሻው የስትሮውጀር ማዞሪያ የተዘጋው ጁን 23 ቀን 1995 በስኮትላንድ በክሮፎርድ ሲሆን፣ በቦታው ዲጂታል ማዞሪያ ገባ።